ከለሩ ይደርሳል፦ ስለ ቫልዩ ደሴ ላይ ያወራሁት

(ደሴ ላይ ሥዕልና ኢለስትሬሽን ለሚሰሩ ልጆች ያወራሁት ነው። ያልመጡ ሰዎች ጻፍልን ስላሉኝ እንዳወራሁት አስቀምጬዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተጠየቅኩትንም ጨምሬ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።)

በመጀመሪያ እንደምን ዋላችሁ። ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ ድረስ የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል፣ መንገዱን ስለማውቀው ከልቤ አመሰግናለሁ። የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ቀጥታ ልግባ።

ቫልዩ። ትምህርት ቤት ገብታችሁ የተማራችሁ ቃሉን ታውቁታላችሁ፣ በራሳችሁ የጀመራችሁት ደሞ ዩቲዩብ ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። አንድ ቀለም ምን ያህል ወደ ነጭ ወይ ወደ ጥቁር ይጠጋል የሚለው ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ቀይ ይሁን ሰማያዊ ይሁን ቡኒ ለጊዜው አያገባንም፣ ከነጭ እስከ ጥቁር ባለው ደረጃ ላይ የቱ ጋ ነው የሚቆመው ነው ጥያቄው። እና እኔ የምለው ምንድነው፣ ሥዕል የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚች ጋ ነው። ቫልዩው ልክ ከሆነ ከለሩን እንደፈለጋችሁ አድርጉት ሥዕሉ ይችለዋል፣ ቫልዩው ከተበላሸ ግን የፈለገ ውድ የዘይት ቀለም ብትደፉበት አይድንም።

ይሄን ዝም ብዬ አይደለም ያነሳሁት። ሥራችሁን አያለሁ፣ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉትን፣ ካፌ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን። እጃችሁ ጥሩ ነው፣ ፊት ታስመስላላችሁ፣ ትዕግስቱም አላችሁ። ግን ብዙው ሥዕል ላይ ሁሉም ነገር እኩል ይጮሃል፣ ቀሚሱ ይጮሃል፣ ሰማዩ ይጮሃል፣ ከኋላ ያለው የጦሳ ተራራ ራሱ ከፊት ከቆመችው ሴት እኩል ይጮሃል፣ ከዛ ስልክ ላይ አንሶ ሲታይ ምን እንደሆነ አይለይም። ወሎ ቀለም የሞላበት አገር ነው፣ ባቲን በሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይሄን አይክድም፣ ስለዚህ ልጁ ብር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ቀለም ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ቀለም፣ ከሰል ግን ቤቱ የለም። የሥዕል ከሰል ካልተገኘ እኮ የምድጃውም ይሰራል፣ ቀጠን ቀጠን ያለውን መምረጥ ነው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው መጀመሪያ ይቃኛል፣ አምባሰል ነው ባቲ ነው የሚለው ሳይያዝ ድምፁ ቢያምር ምን ያደርጋል? ቫልዩም ለሥዕል እንደዛ ነው።

ትንሽ ወደ ትምህርቱ ልግባ። አልበርት መንሴል የሚባል አሜሪካዊ ሰዓሊና አስተማሪ ነበር፣ በ1905 ከለርን የሚለካበትን ዘዴ አሳተመ፣ እስካሁንም እንሰራበታለን። አንድን ከለር በሦስት ነገር ከፈለው፦ አንደኛው ሄው ነው፣ ቀይ ነው ቢጫ ነው የምንለው፣ ሁለተኛው ቫልዩ ነው፣ ሦስተኛው ክሮማ፣ ማለትም ቀለሙ ምን ያህል ጠንካራ ነው ወይስ ወደ ግራጫ የሞተ ነው የሚለው። ቫልዩን ከ0 እስከ 10 ደረደረው፣ 0 ጥቁር፣ 10 ነጭ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ፣ እያንዳንዱ ሄው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው የራሱ የሆነ ቫልዩ ላይ ነው። ቢጫ ከቱቦ እንደወጣ ላይ ነው ያለው፣ ወደ 8 አካባቢ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ ከቱቦ ሲወጣ ደሞ ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረው። ስለዚህ አንተ ቢጫ መረጥኩ ስትል ሳታስበው ቫልዩም መርጠሃል። ሰዓሊው ያልመረጠውን ቱቦው ይመርጥለታል ማለት ነው፣ ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ባንዲራችንን ውሰዱ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ሦስቱም ለዓይን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ቢጫው ብድግ ብሎ ይወጣል፣ አረንጓዴውና ቀዩ ግን በጣም የተቀራረበ ግራጫ ይሆናሉ። አሁን አስቡት፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ አረንጓዴ ማሳ ውስጥ አቁማችኋል፣ ቀይና አረንጓዴ ስለሆኑ በደንብ ይለያያሉ ብላችሁ ታምናላችሁ፣ ግን ቫልዩአቸው እኩል ከሆነ የቀሚሱ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን የት ጋ ማረፍ እንዳለበት አያውቅም፣ ልጅቷም ከማሳው አትለይም። ያኔ ሰው «ከለሩ አልገጠመም» ይላል። ከለሩ ምንም አላጠፋም እኮ፣ ቀሚሱን ወይ ማሳውን ሁለት ደረጃ ዝቅ ብታደርጉት ያው ቀይና አረንጓዴ ቁጭ ይላሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ዓይናችን እንዲህ ሆኖ ስለተፈጠረ ነው። ሃርቫርድ ላይ የምትሰራ ማርጋሬት ሊቪንግስተን የምትባል የአንጎል ተመራማሪ ሥዕልን ከዚህ አንፃር ብዙ አጥንታለች። አእምሯችን ውስጥ አንድ ነገር የት ነው፣ ይርቃል ይቀርባል፣ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል የሚለውን የሚለየው ክፍል ከለር አያይም፣ የሚያየው የብርሃን ልዩነትን ብቻ ነው። ከለርን የሚያየው ሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ ጥልቀት፣ ርቀት፣ ክብነት የምንላቸው ነገሮች በሙሉ ከለር በማያውቀው በኩል ነው የሚገቡት። ሞኔ የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓሊ በ1872 የሳለው የፀሐይ መውጫ ሥዕል አለ፣ ወደብ ላይ ብርቱካንማ ፀሐይ በግራጫ ሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ፣ ኢምፕሬሽኒዝም የሚባለው የአሣሣል ስልት ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ያን ሥዕል ጥቁርና ነጭ ስታደርጉት ፀሐይዋ ልትጠፋ ትደርሳለች። ሞኔ ፀሐይዋን ከሰማዩ እኩል ቫልዩ ላይ ነው ያስቀመጣት፣ ለዛ ነው ስናያት የምትንቀጠቀጥ የምትመስለው፣ አንዱ የአእምሯችን ክፍል ያያታል ሌላኛው አያገኛትም። ሰውየው ከለር ብቻ ሲጫወት ይመስላል እንጂ ሥራውን የሰራለት ቫልዩ ነው።

በቤታችሁም ታዩታላችሁ። አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ ሳይበራ በፊት፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ትለዩታላችሁ፣ ወንበሩን አትጋጩትም፣ የለበሰው ሹራብ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ግን አታውቁም። በጨለማ የሚሰሩት የዓይን ሴሎች ወደ መቶ ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ ከለር አይለዩም፣ ከለር የሚለዩት ወደ 6 ሚሊዮን ቢሆኑ ነው፣ እነሱም በቂ ብርሃን ይፈልጋሉ። ዓለም ያለ ከለር ዓለም ሆኖ ይቀጥላል፣ ያለ ቫልዩ ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ላሊበላ ሂዱ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከጠርዙ ቆማችሁ ስታዩት ሕንፃው፣ ዙሪያው ያለው ግድግዳ፣ የቆማችሁበት መሬት ሁሉ አንድ ድንጋይ ነው፣ አንድ ቀላ ያለ ከለር፣ አንዳንድ ቦታ ቢጫማ ነገር ከመያዙ በቀር። እና ያ መስቀል እንዴት ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው? ጣሪያው ብርሃን ይቀበላል፣ ጉድጓዱ ይጨልማል፣ በቃ ይሄ ነው። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ደሞ እዩዋቸው፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ጠዋት ወይ ከሰዓት በኋላ፣ እያንዳንዷ ጠርዝ ቀጭን ጥላ ትጥላለች መስመሩም ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግን መስመሩ ይሳሳል። የሚቀያየረው ከለር አይደለም፣ ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ያን የጠረቡ ሰዎች ጥልቀቱን ሲለኩ ጥላውንም አስበውበታል ብዬ ነው የማምነው። ስኬችቡክ ይዛችሁ ስትሄዱ ቀለም ቤት ተዉትና በእርሳስ ብቻ ሞክሩት፣ በሁለት ቃና፣ ብርሃን የነካውና ያልነካው። ድንጋዩ ቡኒ ነው ቀይ ነው የሚለው ሳይነሳ ቤተ ጊዮርጊስ ወረቀታችሁ ላይ ይቆማል።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ግልጽ ከሆነ ታዲያ ለምን ይከብደናል? ምክንያቱም አእምሯችን ያስተካክልልናል፣ ሰዓሊን ግን ያሳስተዋል። ኤድዋርድ አደልሰን የሚባል ኤምአይቲ ያለ ተመራማሪ በ1995 የሰራው የዳማ ሰሌዳ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ ሳታዩት አትቀሩም፣ አንድ ሲሊንደር ሰሌዳው ላይ ጥላ ጥሏል፣ በጥላው ውስጥ ያለው «ነጭ» ቤትና ከጥላው ውጪ ያለው «ጥቁር» ቤት አንድ አይነት ግራጫ ናቸው። ፈጽሞ አንድ። ግን ዓይንህን ብታወጣው አይታይህም፣ አእምሮህ ይሄኛው ነጭ ነው ጥላ ውስጥ ስለሆነ ነው ብሎ ወስኗል። ለኑሮ ጥሩ ነው፣ እንጀራው ቤት ውስጥም ውጪም እንጀራ ሆኖ ይታየናል። ለሥዕል ግን ጠላት ነው፣ ምክንያቱም ያወቅነውን ነው የምንስለው እንጂ ያየነውን አይደለም።

ነጠላ ስትስሉ የሚሆነው ይሄ ነው። ሰኞ ገበያ ጃንጥላ ስር የተቀመጠች እናት አለች እንበል፣ ከጎኗ ፀሐይ ላይ ግራጫ አህያ ቆሟል። ነጠላው ነጭ ነው፣ አህያው ግራጫ ነው፣ ስለዚህ ነጠላውን በቲታኒየም ነጭ ትለቀልቁታላችሁ። በውነተኛው ብርሃን ግን ፀሐይ የመታው ግራጫ አህያ ጥላ ውስጥ ካለው ነጭ ነጠላ በብርሃን ሊበልጥ ይችላል። ቁጥሩን ልንገራችሁ፣ ቀጥታ ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ተራ ክፍል ውስጥ ያለ መብራት ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው። ጥቁር ነገር ከሚመታው ብርሃን 5 ከመቶ ያህል ይመልሳል፣ ነጭ ወረቀት ከ80 ከመቶ በላይ። አስሉት፣ ውጪ ፀሐይ ላይ ያለ ጥቁር ጨርቅ ክፍል ውስጥ ካለ ነጭ ወረቀት ከ10 እጥፍ በላይ ብርሃን ወደ ዓይናችሁ ይልካል። የነገሩን ስም ካመናችሁ ሁሌም ትሳሳታላችሁ፣ ነጠላ ነጭ ነው፣ ጸጉር ጥቁር ነው፣ ሣር አረንጓዴ ነው እያላችሁ ትቀቡና በመጨረሻ ብርሃን የሌለበት ሥዕል ትጨርሳላችሁ። ጃንጥላ ስር ያለው ነጠላ መካከለኛ ግራጫ ይሁን፣ ሰማይ ስለሚያየው ትንሽ ሰማያዊ ይንካው፣ ንጹሕ ነጩን ደሞ ፀሐይ አምልጣ ትከሻዋን የነካችበት እዛች አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ አስቀምጡት። ያኔ ነው ነጠላው የሚነጣው።

ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ ቀለማችን ደሃ ነው። ማት የሆነ፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ አክሪሊክ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው ከ20 እስከ 30 እጥፍ ቢሆን ነው። ውጪ ያለው ዓለም ግን ከፀሐይ እስከ በር ውስጥ ጨለማ በብዙ ሺህ እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ ያየኸውን በሙሉ መቅዳት አትችልም፣ የግድ ትመርጣለህ፣ ብርሃኑን ልጠብቅ ጥላውን ልጨፍልቅ፣ ወይስ ጥላው ውስጥ ያለውን ልዘርዝርና ሰማዩን ነጭ ልተወው? ጣሊያናዊው ሰዓሊ ካራቫጆ በ1600 አካባቢ የመረጠው ጥላውን መዋጥ ነው፣ ግማሹ ሥዕል ጨለማ ነው፣ ብርሃን የነካው እጅና ፊት ብቻ ይወጣል። የሆላንዱ ሰዓሊ ሬምብራንት በጥቂት ቡኒ፣ ቀይ፣ ቢጫ አፈርማ ቀለም ዕድሜውን ሙሉ ሰርቶ ማንም የከለር ድሃ አላለውም። ፒካሶ ጌርኒካን በ1937 ሲሰራ 7 ሜትር ከምናምን የሚረዝም ሸራ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ሞላው፣ የከተማ የቦምብ ድብደባን ያህል የሚያስጮህ ጉዳይ ይዞ።

አሁን ሁላችሁም የምትስሉትን አንድ ነገር በቅርብ እንየው፣ አደይ አበባ። መስከረም ላይ ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትወርዱ ጠርዙ ሁሉ ቢጫ ነው፣ የማይስለው የለም፣ እና ብዙው ሥዕል ላይ አደይ የተደፋ ቀለም ይመስላል። ለምን? ከፊት እስከ ኋላ ያው ከቱቦ የወጣ አንድ ቢጫ ነው፣ ስሩም ያለው አረንጓዴ በነጭ የቀለለ፣ ለቢጫው በጣም የተጠጋ አረንጓዴ ነው። እንዲህ አድርጉት፦ መጀመሪያ ቢጫውን እርሱት፣ አረንጓዴውን ከምታስቡት በላይ አጨልሙት፣ አልትራማሪንና በርንት ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡኒ ገብቶበት ቫልዩው ወደ 3 ይውረድ። ከዛ ላይ ጥላ ውስጥ ያሉትን አበቦች በየሎ ኦከር፣ በአፈርማው ቢጫ፣ አስቀምጡ፣ ወይ ቢጫ ላይ ትንሽዬ ቫዮሌት ጨምሩበት፣ ጥቁር ግን አትጨምሩ፣ ቢጫ ላይ ጥቁር ሲገባ ወይራማ አረንጓዴ ነው የሚሆነው። ኦከሩን ስትቀቡ «ይሄ እኮ አደይ አይመስልም ቆሽሿል» ትላላችሁ፣ ታገሱ። መጨረሻ ላይ ፀሐይ የመታቸውን ጥቂት አበቦች ብቻ፣ ጥቂት ነው ያልኩት፣ በንጹሕ ቢጫ ወፈር አድርጋችሁ ንኩ። እነዚያ ጥቂቶቹ ይበራሉ፣ ያ «ቆሻሻ» ያላችሁት ኦከርም ቢጫ ሆኖ ይታያል። የሩቁን ደሞ ነጠል ነጠል አድርጋችሁ አትሳሉት፣ ፈዘዝ ያለ አንድ ጨረፍታ ይበቃዋል። ቢጫው እንዲያበራ ያደረገው ስሩ ያለው ጨለማ ነው፣ ሱቅ ሄዳችሁ የተሻለ ቢጫ ብትፈልጉ አታገኙትም።

የፊት ነገርም እንደዛው ነው። የኛን ቆዳ ስትስሉ ብርሃኑን በነጭ፣ ጥላውን በጥቁር አታምጡት፣ ነጭ ሲበዛ ፊቱ አመድ የነፋበት ይመስላል፣ ጥቁር ሲበዛ ደሞ የሞተ ሰው ይሆናል። ጠይም ቆዳ ላይ ጥላውና ብርሃኑ ያለው አብዛኛው ቦታ መካከለኛና ዝቅ ያለ ቫልዩ ላይ ነው፣ ግንባር፣ ጉንጭ ላይ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ የምታርፈው ብልጭታ ግን ትንሽና ስለታም ናት፣ የሰማዩንም ከለር ትይዛለች፣ ወደ ሰማያዊ ትሄዳለች። ከስሯ ያለው ጠይም ስለሆነ ብልጭታዋ ከነጭ ቆዳ ላይ ይልቅ ጎልታ ትታያለች። ይሄ ለኛ ሰዓሊዎች የተሰጠ ስጦታ ነው እላለሁ፣ ከውጪ ቪዲዮ ላይ የተማራችሁት የቆዳ ቀለም አሠራር ይሄን አይነግራችሁም።

አንዳንዱ «ቫልዩ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የኛ ሥዕል በከለርና በመስመር ነው» ይላል። አልስማማም። የቤተክርስቲያን ሥዕሎቻችንን በደንብ እዩዋቸው። ፊቱ ብርሃናም ነው፣ ጸጉሩና ልብሱ ይጨልማል፣ ዙሪያው በጥቁር መስመር ይታሰራል። አሁን ደሞ ከሥዕሉ ሁሉ ነጭና ጥቁር በጣም ተጠግተው የተቀመጡት የት ጋ እንደሆነ ፈልጉ፣ ዓይኑ ላይ ነው። ትልቅ ነጭ ዓይን፣ ጥቁር ብሌን፣ ጥቁር ቅንድብ። ለዛ ነው ከሩቅ፣ በጧፍ ብርሃን፣ ቀዩና ሰማያዊው በማይለይበት ሰዓት እንኳ ዓይኑ የሚያይህ። ያን የሰራ ሰዓሊ የተመልካቹን ዓይን የት ማሳረፍ እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሁለተኛው የጎንደር ዘመን አሣሣል ደሞ ፊትና ልብስ ላይ ጥላ እየገባ መጣ፣ ፊቱ ክብ ሆነ። ስለዚህ ቫልዩ ከውጪ የመጣብን እንግዳ አይደለም፣ ገዳሞቻችን ውስጥ አለ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሂዳችሁ ስትሳለሙ ይሄን አስቡና እዩ።

የደሴ ልጆች ደሞ ሌላ አስተማሪ አላችሁ፣ ጉሙ። ክረምት ላይ ጦሳ ሲሸፈን ምን ይሆናል? ቅርብ ያለው ባሕር ዛፍ ጥቁር ነው፣ ከኋላው ያለው ቆርቆሮ ቤት ግራጫ፣ ከዛ ኋላ ያለው ገደል ከሰማዩ ትንሽ ብቻ ይጠቁራል፣ ከዛ ምንም። ርቀት ማለት እኮ ይሄ ነው፣ ነገሩ በራቀ ቁጥር ጨለማው እየነጣ፣ ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። ሞናሊዛን የሳለው ሊዮናርዶ ይሄን ነገር ብዙ ጽፎበታል፣ እናንተ በመስኮት ታዩታላችሁ። በጉም ቀን አራት ግራጫ አዘጋጁና አዝዋ ገደልን ሳሉት፣ ከአራት በላይ አትጠቀሙ። በበጋ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ቀጭን ነው፣ ፀሐዩ ይቆርጣል፣ ጥላው ስለት አለው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ያው ፀሐይ በአቧራና በሙቀት ይለሰልሳል። ይሄን ልዩነት ያየ ዓይን ሌላ ቦታ ሄዶ የሚቸገር አይመስለኝም።

ኢለስትሬሽን ለምትሰሩት፣ ለናንተ ነገሩ የሥራ ጉዳይም ነው። የልጆች መጽሐፍ ትስላላችሁ፣ የጤና ፖስተር ትስላላችሁ፣ ስክሪን ላይ በከለር ያምራል፣ ከዛ ወረዳ ሲደርስ ፎቶኮፒ ይደረጋል። ፎቶኮፒው ፎቶኮፒ ይደረጋል። ቀይ ምልክት ያደረጋችሁበት የተበከለ ውኃና አረንጓዴ ያደረጋችሁት ንጹሕ ውኃ አንድ ግራጫ ሆነው አረፉት፣ ያን ወረቀት የምታይ እናት ምን ትረዳ? እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ቫልዩ የውበት ጥያቄ አይደለም። ከመላካችሁ በፊት ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ፕሪንት አድርጉ፣ አሳንሳችሁም እዩት።

ዲጂታል የምትሰሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ፎቶሾፕ ላይ ሳቹሬሽኑን፣ ማለትም የከለሩን ጥንካሬ፣ ወደ ዜሮ አውርዳችሁ ቫልዩ አየሁ አትበሉ። በዛ መንገድ ንጹሕ ቢጫና ንጹሕ ሰማያዊ አንድ አይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ፣ ይሄ ደሞ ውሸት ነው፣ ዓይናችን ቢጫን ከሰማያዊ በብዙ አብልጦ ነው የሚያየው። ከላይ አንድ ሌየር ጨምሩ፣ ጥቁር ሙሉት፣ ብሌንድ ሞዱን ከለር አድርጉት፣ ያ ለዓይን የሚቀርበውን ይሰጣችኋል። ሌየሩን እያበራችሁ እያጠፋችሁ ስሩ።

በእጅ ለምትሰሩ ደሞ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፣ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉ፣ ሽፋሽፍታችሁ እስኪነካካ። ዝርዝሩ ይጠፋል ትልልቁ ጨለማና ብርሃን ይቀራል። ወይ ስልካችሁን አጥፉትና ጥቁሩን ስክሪን እንደ መስታወት ይዛችሁ በጀርባችሁ ያለውን እዩበት፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓሊዎች ለዚሁ ብለው ጥቁር መስታወት ይዘው ይዞሩ ነበር፣ እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ አለ።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር፣ ሦስቱን ልጻፍ።)

አንድ ልጅ ተነስቶ «ታዲያ ማቲስስ? የሴት ፊት አረንጓዴ አድርጎ ስሎ የለ እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። አዎ፣ በ1905 ፈረንሳዊው ሰዓሊ ማቲስ የሚስቱን ፊት መሀል በአረንጓዴ መስመር ከፈለው፣ ፊቱ ግን ፊት ነው፣ ማንም አይስተውም። ለምን መሰለህ፣ አረንጓዴው መስመር ፊቷን ብርሃንና ጥላ አድርጎ የሚከፍለው ቦታ ላይ ነው ያረፈው፣ ጨለም ያለውም ገጽ በቦታው አለ። ሄው ላይ ያን ያህል ነፃነት ያገኘው ቫልዩውን ስለያዘ ነው። አንተም ጦሳን ሐምራዊ ማድረግ ከፈለግክ አድርገው፣ ርቀቱን የሚያህል ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ይሁን እንጂ።

አንዲት እህት «እኔ የምወደው ከለር ነው፣ ግራጫ ስሰራ ይሰለቸኛል» አለች። እውነትሽን ነው፣ ማንም ግራጫ ወዶ ሥዕል አልጀመረም፣ እኔም ከለር ስለምወድ ነው ይሄን ሁሉ የማወራው። ለወራት ግራጫ ስሪ አላልኩሽም። ከለር ከመንካትሽ በፊት የክብሪት ቀፎ የምታክል ስኬች በሦስት ቃና አስቀምጪ፣ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ከሦስቱ አንዱ በጣም ይብዛ፣ አንዱ ትንሽ ይሁን፣ እኩል እኩል ካካፈልሻቸው ሥዕሉ ይደነዝዛል። እሷን ስኬች ሸራው ጎን ለጥፊያት፣ ከዛ በፈለግሽው ከለር ግቢ፣ እየተደባለቀ ሲመጣብሽ ወደሷ ተመለሽ።

የመጨረሻው ጠያቂ ገጠር የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ፣ «ልጆቼ ቀለም የላቸውም፣ ብሩሽም የለም፣ ምን ላሳያቸው?» አሉኝ። መምህር፣ እርስዎ ጋ ያለው ከበቂ በላይ ነው። ሱቅ የሚጣለውን ቡኒ ካርቶን ይሰብስቡላቸው፣ ከሰል ከቤት ይዘው ይምጡ፣ ጠመኔ ክፍል ውስጥ አለ። ካርቶኑ ራሱ መካከለኛው ቃና ነው፣ ለጥላው ከሰል፣ ለብርሃኑ ጠመኔ፣ የቀረውን ካርቶን ሳይነኩ መተው ነው። ጀበናዋን መስኮት አጠገብ ያስቀምጡላቸው፣ ብርሃኑ ከአንድ በኩል ብቻ ይምጣ፣ ጥቁር ስለሆነች ብልጭታዋ አንገቷ ላይና ሆዷ ላይ ጎልታ ትወጣለች፣ ልጆቹ ወዲያው ያገኟታል። ከሰልና ጠመኔው እንዳይደባለቅ ብቻ ይንገሯቸው፣ ከተደባለቀ ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ይሆንና የካርቶኑን ቡኒ ይገድለዋል። የሠሩትንም በሚቀጥለው ስንገናኝ ይዘውልን ይምጡ፣ እዚሁ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን፣ እናንተም ከለር ያልነካው አንድ አንድ ሥራ ይዛችሁ ኑና ጎን ለጎን እናያለን።